የበርበሬ ችግኝን ከዥንጉርጉር ቫይረስ እንዴት መከላከል ይቻላል?

የበርበሬዎ ቅጠል ጠቆርና ፈዘዝ ባለ አረንጓዴ ተዥጎርጉሮ፣ ተጨማድዶ፣ ተክሉም ቀጭጮ ካዩት ፖቲቫይረስ የሚባለውን ወገን ይጠርጥሩ። ወገኑ ስሙን ያገኘው ከድንች ቫይረስ ዋይ ነው፤ በአገራችን በርበሬ ላይ የተገኘው የኢትዮጵያ በርበሬ ዥንጉርጉር ቫይረስም ከዚሁ ነው። ሰውን አይዝም። የታመመውን ተክል የሚፈውስ መድኃኒት ግን የለም፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ ቀድሞ መሠራት አለበት።

በመጀመሪያ አገባቡን ይወቁ። አስተላላፊው የተክል ጭማቂ የሚመጠው ጥቃቅን ተባይ፣ ክሽክሽ ነው። ክሽክሽ ቅጠል ላይ ሲያርፍ የሚስማማው ተክል መሆኑን ለማወቅ በመርፌ መሳይ አፉ ወጋ አድርጎ ይቀምሳል። ተክሉ የታመመ ከሆነ ቫይረሱ አፉ ላይ ይጣበቃል፤ ቀጥሎ ጤነኛውን ሲቀምስ እዚያ ይተወዋል። ይህ በሰከንዶች፣ ቢበዛ በደቂቃዎች የሚያልቅ ነገር ነው። ሴል ውስጥ የገባው ቫይረስ ሽፋኑን ጥሎ የመባዣ ትእዛዙ በ10 ሺህ ገደማ ፊደላት የተጻፈበትን አርኤንኤ ይለቃል። ሴሉም የራሱ ትእዛዝ መስሎት አንድ ረጅም ፕሮቲን ይሠራለታል፤ ፕሮቲኑ ተቆራርጦ የቫይረሱ መባዣ መሣሪያ ይሆናል። የተባዛው ቫይረስ በሴሎች መካከል ባሉት ቀጫጭን መተላለፊያዎች ይሾልካል፤ የተክሉ ምግብ በሚጓዝበት ቧንቧ ገብቶም እስከ ለጋው ቀንበጥ ይደርሳል።

ብዙ ገበሬ ገንዘቡን በከንቱ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ፀረ ተባይ ክሽክሹን ቢገድለውም፣ እስኪሞት ድረስ ቀምሶ ጨርሷል። ለርጭት የሚያወጡትን ለችግኝ መደቡ ያውሉት።

መደቡን ካለፈው ዓመት በርበሬ፣ ከቲማቲምና ከድንች አርቀው ያዘጋጁ። በዙሪያው ያለውን አውጥ ይንቀሉ፤ ቫይረሱን ሊያቆይ ይችላል። ከዚያ ችግኙ ሳይበቅል መደቡን በጠባብ ቀዳዳ መረብ ይሸፍኑ። የአልጋ አጎበር ቀዳዳው ለክሽክሽ ሰፊ ስለሆነ አይበቃም። ተክሉ የሚጎዳው በለጋነቱ ሲያዝ ነውና ችግኙ ወደ ማሳ እስኪዛወር ድረስ መረቡን አያንሱ።

በማሳው ዙሪያ ሁለት ሦስት መስመር በቆሎ ወይም ማሽላ ቀደም ብለው ይዝሩ፤ በርበሬው ሲዛወር ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። በራሪው ክሽክሽ መጀመሪያ እሱ ላይ አርፎ ሲቀምስ አፉ ላይ ያለውን ቫይረስ እዚያ ያራግፋል። ይህ ዘዴ ርካሽ ነው፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመክረውም እሱን ነው።

ካዛወሩ በኋላ ማሳውን በየሳምንቱ ዞረው ይመልከቱ። መስኩ በሙሉ እኩል ቢጫ ከሆነ የማዳበሪያ እጥረት ሊሆን ይችላል፤ እዚህም እዚያም ተበታትኖ የተዥጎረጎረውን ግን ሳያመነቱ ነቅለው ያርቁ። ለቀማው ሲያበቃም አሮጌውን ግንድ ወዲያው ነቅለው ያቃጥሉ። በጋውን ከቆመ የከርሞው መደብ በሽታ ከእሱ ይነሳል።