ነባር የንግድ ሕንፃ ኃይል እንዲቆጥብ ሲታደስ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

የቢሮ፣ የሆቴል ወይም የገበያ ማዕከል የመብራት ቢል ሲያስመርር ባለቤቱ ለእድሳት ይነሣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ገንዘቡ የሚባክነው ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ነው።

ማሽኑን አስቀድሞ መግዛት

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። ቺለሩ (ለሕንፃው ማቀዝቀዣ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ትልቁ ማሽን) ስላረጀ በዚያው አቅም አዲስ ይታዘዛል። ቆይቶ አምፖሎቹ በኤልኢዲ ይቀየራሉ፣ መስኮቶቹ ይታደሳሉ። ያኔ ሕንፃው ብዙ ቅዝቃዜ አይፈልግም፤ ማሽኑ ግን ተገዝቷል። አቅሙ ከልክ ያለፈ ማሽን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፤ ዕድሜውም ያጥራል። አምፖል የሚበላው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ያንን ሙቀት ለማስወጣት ኤሲው ሌላ ኤሌክትሪክ ይበላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፍላጎቱን ቀንሱ፣ የማሽኑን መጠን ከዚያ በኋላ ወስኑ።

የኒውዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ በሆነው እድሳት 6,514 መስኮቶች እዚያው ሕንፃው ውስጥ ታደሱ። ክፍሎቹን ከሚያሞቁት ራዲያተሮች ጀርባም ሙቀት መከላከያ ተደረገ። የማቀዝቀዝ ፍላጎቱ ስለቀነሰ ቺለሮቹን በአዲስ መተካት ቀረ፤ ነባሮቹን ማደስ በቂ ሆነ።

ሳይለኩ መጀመር

ቢያንስ የ12 ወር ቢል ሰብስቡ። አለዚያ ከእድሳቱ በኋላ ምን እንዳተረፋችሁ አታውቁም። ቆጣሪውን ሌሊትም እዩት። ሰው በሌለበት ሰዓት ፍጆታው እምብዛም ካልቀነሰ በከንቱ የሚሠራ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ የአየር ማናፈሻው የሚነሣበትና የሚጠፋበት ሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ በትክክል ሳይሞላ ተረስቶ ይገኛል። እሱን ለማስተካከል ምንም መግዛት አያስፈልግም!

ማራገቢያን ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ማስኬድ

በብዙ ነባር ሕንፃዎች ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል፤ አየሩ ሲበዛ መተላለፊያው በክዳን ይጠብባል። ነዳጅ እየረገጡ ፍሬን እንደመያዝ ነው። ማራገቢያ የሚፈልገው ኃይል የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው። ፍጥነቱን በ20 በመቶ ብትቀንሱ ፍጆታው ወደ ግማሽ ይወርዳል። የሞተሩን ፍጥነት እንደ ፍላጎቱ የሚቀያይረው መቆጣጠሪያ (ድራይቭ) የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ሁልጊዜ ሙሉ አየር የሚፈለግበት ቦታ ላይ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ክፍተቱን ደፍኖ ንጹሕ አየርን መርሳት

በበርና በመስኮት ዙሪያ የሚያሾልከውን መድፈን ተገቢ ነው። ሆኖም አሮጌ ሕንፃ ንጹሕ አየር የሚያገኘው በእነዚያው ክፍተቶች ሊሆን ይችላል። ማናፈሻ ሳይዘጋጅ ሲደፈኑ እርጥበት ይታመቃል፣ ሻጋታ ይመጣል። ሠራተኛው አየሩ ሲከብደው መስኮት ይከፍታል፤ የተቆጠበውም በዚያው ይወጣል።

ፀሐይን ከውስጥ መከልከል

ፀሐይ የውስጡን መጋረጃ ስትመታ ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ገብቷል። ከውጭ የሚገጠም ጥላ የተሻለ ይሠራል።

ተከራዩን አለማሳተፍ

ባለቤቱ ለእድሳቱ ከፍሎ ቢሉ የሚቀንሰው ለተከራዩ ከሆነ ሥራው ገና ሳይጀመር ይቆማል። ወጪውንና ቁጠባውን እንዴት እንደሚካፈሉ በኪራይ ውሉ ይስፈር።

ሕንፃውን የሚያንቀሳቅሱትን ሰዎች መርሳት

ኮንትራክተሩ አስረክቦ ሲሄድ ቁልፉ የሚቀረው ቴክኒሻኑ እጅ ነው። ሥልጠና ካላገኘ፣ የመጀመሪያው ቅሬታ ሲመጣ አውቶማቲኩን ወደ እጅ ይቀይረዋል፤ እንደዚያው ይቀራል። በእሱ አልፈርድም። ሥልጠናውን በኮንትራቱ ውስጥ አስገቡ። የአየሩ ወቅት ሲቀየርም ኮንትራክተሩ ተመልሶ ቅንብሩን እንዲፈትሽ አስገድዱት።