ፓራታይሮይድ ቀዶ ሕክምና ለዲያሊሲስ ታካሚ፦ ከውሳኔው እስከ ማገገሚያው ሳምንታት

በኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ታካሚ ፓራታይሮይድ ዕጢዎቹ በቀዶ ሕክምና እንዲወጡ ሲመከር፣ እሱም ቤተሰቡም አስቀድመው የሚጠይቁት ሕክምናው ዕድሜ ያረዝም እንደሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ፣ ውሳኔውን ከሐኪም ጋር እንዴት መመርመርና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት ማለፍ እንደሚገባ ከዚህ በታች ቀርቧል።

እነዚህ ዕጢዎች አብዛኛውን ጊዜ አራት ሲሆኑ አንገት ውስጥ ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ ይገኛሉ፤ ጤነኛ ሲሆኑ መጠናቸው የሩዝ ፍሬ ያህል ነው። ኩላሊት ሲደክም ከምግብ የሚገኘው ፎስፌት የተባለ ማዕድን በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቫይታሚን ዲን ለሥራ የሚያበቃውም ኩላሊት በመሆኑ ካልሲየም ከአንጀት በበቂ ሁኔታ ወደ ደም አይገባም። ዕጢዎቹ ጉድለቱን ለመሙላት ሆርሞናቸውን ያለ ዕረፍት ያመነጫሉ፣ እየቆዩም ያብጣሉ። ሆርሞኑ ካልሲየምን ከአጥንት እየነቀለ ስለሚያወጣ አጥንት ይሳሳል፤ በደም ሥሮችና በልብ ቫልቮች ላይም ካልሲየም ይጋገራል።

ወደ ቀዶ ሕክምና ከመሄድዎ በፊት የመድኃኒቱ ሕክምና በእርግጥ ተሞክሮ እንደሆነ ያረጋግጡ። ፎስፌት ከምግብ ወደ ደም እንዳይገባ የሚይዘው የፎስፌት ማሰሪያ መድኃኒት ከምግብ ጋር ይወሰድ ነበር ወይ? እጥበቱስ በቂ ነው? ቫይታሚን ዲና ሲናካልሴት (ዕጢዎቹ የሚያመነጩትን ሆርሞን የሚቀንስ መድኃኒት) ተሰጥተዋል? አንድ ከፍ ያለ የሆርሞን ውጤት ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም፤ የበርካታ ወራት ውጤቶች በተከታታይ መታየት አለባቸው። በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ በእጥበት ላይ ላለ ሰው ሆርሞኑ ከጤነኛው የላይኛ ወሰን ከ2 እስከ 9 እጥፍ ባለው ክልል እንዲቆይ ይመክራል። ሆርሞኑ ከዚህ በላይ ሆኖ ለመድኃኒት እምቢ ካለ፣ በተለይም ካልሲየም ከፍ ካለ፣ አጥንት ከተሰበረ ወይም ሕመሙና የቆዳ ማሳከኩ ካልተቻለ፣ ቀዶ ሕክምናውን ማዘግየት አይበጅም።

ዕድሜን በተመለከተ፣ በ2004 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉ 4,558 የእጥበት ታካሚዎችን ካላደረጉ ተመሳሳይ ታካሚዎች ጋር አነጻጽሯል። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ ካደረጉት 3.1 በመቶው ሞተዋል፤ የኋላ ኋላ ግን መካከለኛው የመኖር ዘመን ላደረጉት 53.4 ወር፣ ላላደረጉት 46.8 ወር ሆኗል። ይህ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም፣ ለቀዶ ሕክምና የሚመረጡት ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያውም ጠንከር ያሉት ስለሆኑ ልዩነቱ በሙሉ የቀዶ ሕክምናው ነው ማለት አይቻልም። በእኔ እምነት ከቁጥሮቹ ሁሉ ለታካሚው የሚጠቅመው አደጋው በመጀመሪያው ወር ላይ ማየሉን ማወቅ ነው፤ ዝግጅቱም ለዚያ ወር መሆን አለበት።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ብዙውን ጊዜ በዋዜማው፣ እጥበት ይደረጋል፤ ፖታሺየምም ይለካል። ከተነቀሉት ዕጢዎች ቁራጭ ክንድ ውስጥ ተመልሶ የሚተከል ከሆነ ፊስቱላ (ለእጥበት ሲባል በቀዶ ሕክምና የተገናኙ የደም ሥሮች) የሌለበት ክንድ እንዲሆን አስቀድመው ይነጋገሩ። አንድ ዕጢ በከፊል የሚቀርበት ዘዴም አለ። የድምፅ አውታር ነርቭ ከዕጢዎቹ አጠገብ ስለሚያልፍ፣ ቀድሞ የድምፅ መጎርነን ከነበረብዎ ለቀዶ ሐኪሙ ይንገሩ።

ዋናው ጥንቃቄ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሆርሞኑ በድንገት ሲወርድ ለዓመታት የተራቆተው አጥንት ካልሲየምን ከደም መልሶ ይመጥጣል፤ አጥንት በፍጥነት ሲታደስ በደም ውስጥ የሚጨምረው አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለ ኢንዛይም መጠኑ ከፍ ያለባቸው ታካሚዎች ላይ ይህ ይብሳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ካልሲየም በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ሊለካ ይገባል፤ ሲወርድም በደም ሥር ይሰጣል። ከንፈር ዙሪያና ጣት ጫፍ ላይ መደንዘዝ፣ የጡንቻ መኮማተር፣ የልብ ምት መዛባት ከተሰማ ሌሊትም ቢሆን ነርስ መጥራት እንጂ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም።

ወደ ቤት ሲመለሱ የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። የካልሲየም ካርቦኔት ኪኒን ከምግብ ጋር ሲወሰድ ፎስፌትን ያስራል፤ ወደ ደም ገብቶ አጥንትን እንዲመግብ ከተፈለገ ግን በምግቦች መካከል መወሰድ አለበት። ታካሚው ኪኒኑን ለዓመታት ከምግብ ጋር መዋጥ ስለለመደ፣ ሰዓቱ በማዘዣው ላይ በግልጽ እንዲጻፍለት ይጠይቅ። ሲናካልሴትና የፎስፌት ማሰሪያው መቆም ወይም መቀነስ እንዳለባቸውም ይጠይቅ፤ በራሱ ፈቃድ ግን አንዱንም አይተው። የእጥበት ክፍሉ ቀዶ ሕክምና መደረጉን ካወቀ፣ በእጥበት ፈሳሹ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፍ እንዲል ሐኪሙ ሊያዝ ይችላል። የደም ምርመራው ካልሲየም እስኪረጋ በየሳምንቱ ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት፤ ከዚያም ሆርሞኑ እንደገና መውጣቱንም ሆነ ከሚገባው በታች መውረዱን ለማወቅ በየጥቂት ወራቱ ይለካል።