«ዛፉ ሞተ?» ስትለኝ

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የአራት ዓመት ልጄ ከቤተ መጻሕፍት ዛፎች ቅጠላቸውን ስለሚያረግፉበት መፀው የሚያወራ የሥዕል መጽሐፍ መረጠች። እየተረጎምኩ አነበብኩላት። መጨረሻው ገጽ ላይ ዛፉ ራቁቱን ቀረ። «እማዬ፣ ሞተ?» ብላ አለቀሰች። በዚያው ሰሞን ክፍል ቀይራ፣ ከለመደቻት አስተማሪ ተለይታ ነበር። ለቅሶው ለዛፉ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

«ተኝቶ ነው» አልኳት። ባሰባት! ማታ መተኛት ፈራች።

በማግስቱ መጽሐፉን ይዘን ደጃችን ወዳለው ሜፕል የሚባል ዛፍ ሄድን። የወደቀ ቅጠል አንስተን ከሥዕሉ ጎን አስቀመጥን። ቀኑ ሲያጥር አረንጓዴው ቀለም ይጠፋል፤ ቢጫው ግን ድሮም ውስጡ ነበር አልኳት። ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጌ ቅጠል የረገፈበትን ቦታ አሳየኋት። ልክ ከጠባሳው በላይ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ እንቡጥ አለች። የሚቀጥለው ዓመት ቅጠል ከአሁኑ እዚያ ውስጥ ተጠቅልሏል። በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻት። «ጠንካራ ናት» አለች።

የድሮ አስተማሪዋንም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የድሮ ክፍሏ በር ላይ ሰላም አስባልኳት። ቀለል አላት።

መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍቱ መልሰን የራሳችንን ገዛን። አሁን ባዶው ቅርንጫፍ ላይ በእርሳስ እንቡጥ ትስልበታለች። እስካሁን ዘጠኝ ደርሰዋል።