የፍራንክ ማኮርትን ትዝታ ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይህን መጽሐፍ ለሁለት ጓደኞቼ በተለያየ ጊዜ አውሻለሁ። አንዷ በሁለት ሌሊት ጨርሳ መለሰችልኝና «ስስቅ አደርኩ» አለችኝ። ሌላው ግማሽ ላይ ተወው። «ሕፃናት ሲሞቱ ማንበብ አልችልም» አለ። መጽሐፉ በ1996 የታተመው የፍራንክ ማኮርት «የአንጄላ አመድ» ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ላላነበበው ባጭሩ፦ ማኮርት በ1930 ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ተወለደ። ወላጆቹ ከአየርላንድ የተሰደዱ ናቸው። ኑሮ አልሳካ አለ፤ ሕፃኗ ማርጋሬትም ሞተችባቸው። ስለዚህ ሌላው አይሪሽ አሜሪካን ሲመኝ እነሱ በተገላቢጦሽ ወደ አገር ቤት ተመለሱ። የእናቱ የአንጄላ ከተማ ሊምሪክ ነች፤ ልጆቹም እዚያ አደጉ። መንትዮቹ ኦሊቨርና ዩጂን ግን እዚያው ሞቱ። ፍራንክ በ19 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆነ። መጽሐፉ ሲወጣ 66 ዓመቱ ነበር፤ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘበት።

አሜሪካኖች ወደዱት። ሊምሪክ ግን ለሁለት ተከፈለች። እኔ ሁለቱንም ወገን ስከታተል ከርሜ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ብዙው ጭቅጭቅ የሚመጣው አንባቢው የቆመበትን ቦታ ረስቶ ሲፈርድ ነው። ራሴም የሠራኋቸውን ስህተቶች ጨምሬ ልንገራችሁ።

እንደ ምስክር ቃል ማንበብ

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብሎ ይጀመራል። አንዳንድ የሊምሪክ ሰዎች መጽሐፉን ይዘው ስህተት ለቀማ ገቡ። ከተማዋ እንዲህ አልነበረችም፣ እነሱም ይህን ያህል አልተቸገሩም አሉ።

እስቲ አስቡት። የአራት ዓመት ልጅ የሰማውን ወሬ ቃል በቃል ለስድሳ ዓመት ይይዛል? አይይዝም። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ንግግር በልጅ ጆሮ የቀረው ዜማ ነው። ማኮርት የሚጽፈው አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጎ ነው፤ ለንግግርም የጥቅስ ምልክት አይጠቀምም። አንባቢው ሽማግሌው ሲያስታውስ አይሰማም፤ ልጁ ሲያይ ነው የሚሰማው።

ነገር ግን እዚህ ጋ ሌላኛው ጽንፍ ይመጣል። «ትዝታ ነው፣ የፈለገውን ይጻፍ» የሚሉ አሉ። በዚህም አልስማማም። ምድር ቤቱን ውሃ ሲሞላው ቤተሰቡ ፎቅ ላይ ወጥቶ መኖሩን፣ ደረቁንና ሞቃቱን ክፍል «ጣሊያን» ብለው መጥራታቸውን ማኮርት ሲጽፍ ማንንም አይጎዳም። (እኛ ጣሊያን ሲባል የሚመጣብን ሌላ ነው፤ ለእነሱ ግን ፀሐይ ነበር።) የሰፈሩ ሰው ሁሉ ባልዲውን እነሱ ደጅ ባለው ሽንት ቤት ይደፋ እንደነበር ቢጽፍም እንደዚያው። «እናቴ ካስጠጋን ዘመዷ ጋር ትተኛ ነበር» ብሎ ሲጽፍ ግን ጉዳዩ ይለወጣል። ክፍሉን የሚያይ ዓይንና ሰውን የሚከስ ዓይን አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። ሁለቱን ለይቶ ማንበብ ያስፈልጋል።

የሊምሪክን ቁጣ በ«ቅናት ነው» ማለፍ

እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነበር። በኋላ አፈርኩ።

እኛ እኮ ይህን ቁጣ ማንም ሳያስረዳን እናውቀዋለን። ገመና የሚባል ቃል ያለው ሕዝብ ነን። የቤትን ጉድ አደባባይ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ሳንል ስለሞተ ሰው ክፉ አንናገርም። አንጄላ የሞተችው በ1981 ነው፤ መጽሐፉ ሲወጣ አሥራ አምስት ዓመት አልፏታል። መልስ መስጠት አትችልም። በሕይወት ሳለች ፍራንክና ወንድሙ ማላኪ ስለ ልጅነታቸው መድረክ ላይ ሲተውኑ፣ ከተመልካቹ መሃል ተነስታ «ውሸት ነው» ብላ ጮኸች ይባላል። ይህን ካወቅኩ በኋላ የርዕሱን ሁለት ቃላት እንደ በፊቱ ማንበብ አልቻልኩም።

የተቆጣው ሁሉ ደግሞ ድህነቱን የካደ አይደለም። ብዙው እናቶቻችን እንዲህ ተዋርደው አልኖሩም እያለ ነበር። በዚያው ድህነት ውስጥ ልጆቿን አጥባ፣ ልብሳቸውን ተኩሳ ትምህርት ቤት የምትልክ እናት ነበረች። የእሷ ልጅ ቢከፋው አይፈረድበትም።

ሊምሪክ ሁሉ ጠላችው ማለትም ስህተት ነው። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ በ1997 የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። የተማረበት የሊሚ ትምህርት ቤት ሕንፃም ከሞተ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት በስሙ ሙዚየም ሆኖ ነበር።

አባትየውን ሰይጣን ማድረግ

አባት ይጠጣል። የመንግሥት ድጎማውን ጠጥቶ ልጆቹ በራብ ያድራሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ፣ ኮቨንትሪ፣ ፋብሪካ ሊሠራ ሄዶ ገንዘብ አልላከም ማለት ይቻላል። የትንሹ የዩጂን ቀብር ቀን መሸታ ቤት ተቀምጦ፣ የጥቁር ቢራውን ብርጭቆ በነጩ ሣጥን ላይ ያስቀምጣል። ያን ገጽ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሳሁ።

ታዲያ ልጁ ይህን ሰው ይወደዋል። አባቴ እንደ ሥላሴ ሦስት ነው ይላል፦ ጠዋት ጋዜጣ የሚያነበው፣ ማታ ተረት የሚያወራውና ጸሎት የሚያስደግመው፣ ደግሞ አረቄ አረቄ እየሸተተ መጥቶ ለአየርላንድ ሙቱ የሚለው። አንባቢው ሦስተኛውን ብቻ ይዞ ከወጣ ልጁ ያየውን አላየም። አባትየው የሰሜን አየርላንድ ሰው መሆኑንም አትርሱ። ሊምሪክ ውስጥ አነጋገሩ ሲሰማ ሥራ የሚሰጠው ይጠፋል። ስካሩን አያጸድቅም፤ ግን ታሪኩ ውስጥ አለ።

አገሩን ሁሉ በአንድ ሰፈር መለካት

ባጭሩ፦ ይህ በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የአንድ ከተማ ድሃ ሰፈር ነው። በዚያው ዘመን ገጠር ያደገ አይሪሽ ሌላ ልጅነት አለው። የረሃብን ፎቶ አይቶ «ኢትዮጵያ ይህች ናት» ሲባል የሚሰማንን እናውቃለን። አየርላንድም ላይ አናድርገው።

ድህነት ማወዳደር

አንድ የማውቀው ሰው «ይሄማ ምን ችግር አለው፣ ጫማ አለው» አለኝ። እውነት ነው፣ ጫማ አለው። አባቱ በአሮጌ የብስክሌት ጎማ ሶል የለጠፈለት ጫማ፤ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚሳቅበት። ከኔ ልጅነት ይሻላል፣ ይብሳል ማለት ከጀመርን የልጁን እፍረት አናየውም። ለሱ ደግሞ ከራቡ ይልቅ የሚቆጠቁጠው እፍረቱ ነው።

ሳቁን እንደ ፌዝ፣ ለቅሶውንም እንደ ማጋነን ማየት

ጦርነቱ ሊያልቅ አካባቢ ልጁ ከቤት ወጥቶ አጎቱ ዘንድ ተጠግቷል። አጎትየው ጥብስ ዓሣና ድንች በጋዜጣ ተጠቅልሎለት ይመጣል፤ ይበላል፣ ይተኛል። ልጁ ጋዜጣውን ያነሳና ቅባቱን ይልሳል። የፊተኛውን ገጽ ይልሳል። የጦር ሜዳውን ዜና፣ የጄኔራሎቹን ድል ይልሳል። አንድም ጠብታ እስኪጠፋ ድረስ። ጓደኛዬ ይህን ስታነብ ሳቀች። ሌላው ጓደኛዬ እዚህ ቢደርስ ኖሮ ያለቅስ ነበር። ሁለቱም ልክ ናቸው። ልጁ ራሱ ግን አይስቅም፣ አያለቅስም። ርቦት ነው። ደራሲው እዚህ እዘኑ ብሎ አይጎተጉተንም፤ ያየውን አስቀምጦ ይሄዳል። አሳዘነኝ የሚለውም፣ ቀለደ የሚለውም በየራሱ መንገድ ነው የደረሰበት።

ሌላውም እኔ በሳቅኩበት ይስቃል ብሎ መጠበቅ

ፍራንክ መጀመሪያ የቆረበ ቀን አያቱ ቤት ቁርስ ይበላል። ጓሮ ወጥቶ ያስመልሰዋል። አያቱ «እግዚአብሔርን ጓሮዬ ላይ አስቀመጠብኝ» ብላ ትጮኻለች። ልጁን እየጎተተች ወደ ቄሱ ትወስደዋለች፤ ምን ታድርግ? ቄሱ በውሃ እጠቢው ይላሉ። አያት መልሳ ትልከዋለች፦ በጸበል ነው በተራ ውሃ? ቄሱ በተራ ውሃ፣ ከእንግዲህም አታስቸግሩኝ ይላሉ። እንግሊዝኛ አንባቢ ሁሉ የሚስቅበት ቦታ ነው። እኔም ስቄያለሁ።

አንድ ቀን ለእናቴ በአማርኛ ነገርኳት። አልሳቀችም። ልጅ ሆነን ቆርበን ስንመለስ ነጠላውን አፋችን ላይ አስይዛ፣ ምራቃችሁን እንዳትተፉ እያለች ያሳደገችን ሴት ናት። ዝም ብላ አዳመጠችኝና «ቄሱ ልክ አልመለሱላትም» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ኧረ ያ ልጅስ፣ ከዚያ በኋላ ቁርስ የሰጠው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።