ምግቧን ስትከላከል የነበረችውን የመጠለያ ውሻ እንዴት እንዳረጋጋኋት

ከእንስሳት መጠለያ ተቀብዬ የማሳድጋት ውሻ ምግብ ላይ ሳለች ሰው ሲጠጋት ሰውነቷን ገትራ፣ የዓይኗን ነጭ እያሳየች ታጉረመርም ነበር። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ስለሆነ፣ በቁጣ ወይም በዱላ ዝም የተሰኘ ውሻ ሳያስጠነቅቅ ወደ መንከስ ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ቅጣትን ፈጽሞ አልመረጥኩም። አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም የጥርስም ሆነ የሆድ ሕመም እንደሌለባት አረጋገጠልኝ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷንና የትላትል መድኃኒቷንም በዚያው አሟላሁ።

ከዚያም ጆሮዋን ወደ ኋላ ሳታጥፍና አበላሏን ሳታፋጥን ልትታገሰኝ በምትችልበት ርቀት ቆሜ፣ ከሳህኗ ምግብ አስበልጣ የምትወደውን የተቀቀለ ሥጋ ቁራጭ ወርውሬላት ወዲያው እመለስ ነበር። ርቀቱን የማጠብበው ቀና ብላ ጅራቷን እየቆላች ስትጠብቀኝ ብቻ ነው፤ ከተገተረች እንደገና እርቃለሁ። በእኔ እምነት ይህን ሥራ ከችኮላ የበለጠ የሚያበላሸው ነገር የለም። አሁን አጠገቧ ቆሜ ሥጋውን ሳህኗ ውስጥ ስጨምርላት በእርጋታ ትበላለች። ይሁን እንጂ ልጆች ባሉበት አላበላትም፤ በሩን ዘግቼ አበላትና ሳህኗን ካነሣሁ በኋላ ነው የምከፍትላቸው።