የእርሳስ ጥይት ሲከለከል ለቀበሮና ለአጋዘን የሚሆን የጠመንጃ ካሊበር አመራረጥ

በአማርኛ «አረር» ስንል እርሳሱንም ጥይቱንም በአንድ ቃል እንጠራለን፤ ሁለቱ ለዘመናት ሳይለያዩ ኖረዋልና። በብሪታንያ ግን ይህ ጥምረት በሕግ ሊፈታ ነው። መንግሥት በጁላይ 2025 ባስታወቀው ውሳኔ መሠረት፣ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ በእንስሳ ላይ የሚተኮስና ስፋቱ 6.17 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የጠመንጃ ጥይት ከ3 በመቶ በላይ እርሳስ ካለበት ይከለከላል፤ ለመሸጋገሪያም ሦስት ዓመት ተሰጥቷል። ከዚህ ስፋት በታች የሆኑት ጥይቶች በእገዳው አልተካተቱም። 6.17 ሚሊ ሜትር በኢንች ሲቈጠር .243 ነው፤ ይህም ቀበሮንም አጋዘንንም በአንድ መሣሪያ ማደን የሚፈልግ ሰው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አስቀድሞ የሚያነሣው ካሊበር (የአፈሙዝ ስፋት) ነው። ስለዚህ እዚያው አገር በእርሻ ወይም በደን ሥራ ላይ ሆኖ የመጀመሪያ ጠመንጃውን የሚገዛ ሰው ከአሥር ዓመት በፊት ይሰጥ የነበረውን ምክር እንዳለ ሊቀበል አይገባም።

የእገዳው ምክንያት በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። የእርሳስ ጥይት በፍጥነት አጥንትና ሥጋ ሲመታ ይበታተናል፤ በራጅ ሲታይ ከቁስሉ ብዙ ሴንቲ ሜትር ርቆ በዓይን የማይለዩ ቅንጣቶች ተሰራጭተው ይገኛሉ። የተጎዳውን ሥጋ ቆርጦ መጣል ሁሉንም አያስወግድም። እርሳስ በተለይ በሕፃናት አእምሮ ዕድገት ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ የታወቀ ነው፤ ሜዳ ላይ የተጣለውን ሆድ ዕቃ የሚበሉ ጥንብ አንሣዎችና ንስሮችም ይመረዛሉ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከጁላይ 2019 ጀምሮ ለማንኛውም አደን የእርሳስ ጥይትን የከለከለው ኮንዶር የተባለውን ግዙፍ አሞራ ጨምሮ የዱር እንስሳትን ከመመረዝ ለመጠበቅ ሲሆን፣ ዴንማርክም በ2024 የጠመንጃ ጥይትን በእገዳው አካታለች።

ከምርጫው በፊት ሕጉ ለአጋዘን የሚጠይቀውን ዝቅተኛ መጠን ማወቅ ግዴታ ነው፤ መጠኑም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በእንግሊዝና በዌልስ ለአጋዘን የሚተኮስ ጠመንጃ ስፋቱ ቢያንስ .240 ኢንች፣ ጥይቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ የሚኖረው ኃይልም ቢያንስ 1,700 ፉት ፓውንድ መሆን አለበት፤ ሙንትጃክና የቻይና የውኃ አጋዘን ለሚባሉት ትናንሽ ዝርያዎች ብቻ .220 ኢንች፣ 1,000 ፉት ፓውንድና 50 ግሬን የጥይት ክብደት ይበቃል (ግሬን ከአንድ ግራም አሥራ አምስተኛው ያህል ነው)። በስኮትላንድ ደግሞ ሕጉ ፍጥነትንና የጥይት ክብደትን ይመለከታል። ሮ ለሚባለው አጋዘን 50 ግሬን ክብደትና 1,000 ፉት ፓውንድ፣ ለትልልቆቹ ዝርያዎች 1,750 ፉት ፓውንድ ይጠየቃል፤ ለሁሉም የጥይቱ ፍጥነት ቢያንስ በሰከንድ 2,450 ጫማ መሆን አለበት። ለትልልቆቹ ቀድሞ 100 ግሬን የነበረው ዝቅተኛ ክብደት በ2023 ወደ 80 ግሬን ወርዷል፤ ይህም የሆነው በእርሳስ ፋንታ ለሚተካው የመዳብ ጥይት ቦታ ለመስጠት ነው።

ክብደቱ ለምን መውረድ እንዳስፈለገው የገባው ሰው የቀረውን ነገር ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል። የእርሳስ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ገደማ ሲሆን የመዳብ ግን 9 ግራም እንኳ አይሞላም፤ በመሆኑም በስፋትም በክብደትም እኩል ከሆኑ ሁለት ጥይቶች የመዳቡ በርዝመት ይበልጣል። ረጅም ጥይት በአየር ላይ ሳይዋልል እንዲጓዝ ደግሞ በኃይል መሽከርከር አለበት፤ ያን ሽክርክሪት የሚሰጠው በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ ነው። ብዙዎቹ የ.243 ጠመንጃዎች ቦያቸው በ10 ኢንች አንድ ዙር የሚዞር ስለሆነ የ80 ግሬን መዳብ በደኅና ይወነጨፍባቸዋል፤ 100 ግሬን የሚመዝን መዳብ ግን ለእነርሱ ከልክ በላይ ረጅም ነው። የራስዎን ጠመንጃ ለመለካት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ እንደ ልብ የሚሽከረከር የመጥረጊያ ዘንግ ላይ ጥብቅ ያለ ጨርቅ አድርገው ወደ አፈሙዙ ያስገቡና ዘንጉ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ምልክቱ አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ድረስ ዘንጉ የገባበት ርዝመት የሚፈልጉት ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ከፍጥነት ጋር የተያያዘ ነው። እርሳስ ለስላሳ በመሆኑ ፍጥነቱ ቢቀንስም ተዘርግቶ ይገድላል፤ መዳብ ግን ጠንካራ ስለሆነ በቂ ፍጥነት ይዞ ካልመታ ጫፉ ሳይከፈት እንደ መርፌ ወግቶ ያልፋል፣ እንስሳውም ቆስሎ ለሰዓታት ይሠቃያል። ብዙ አምራቾች ጥይቱ ዒላማው ላይ ሲደርስ በሰከንድ ከ1,800 እስከ 2,000 ጫማ የሚሆን ፍጥነት እንዲኖረው ይመክራሉ። ስለዚህ ለመዳብ ሲሆን ከለመዱት ክብደት አንድ ደረጃ ቀለል ያለና ፈጣን የሆነውን ይምረጡ፤ ሰፋ ባለው የ.308 ካሊበር ለምሳሌ 180 ግሬኑን ትተው 130 ወይም 150 ግሬን ይያዙ።

የ.243 ዋና ማራኪነቱ 58 ግሬን የሚመዝን ተሰባሪ ጥይት ለቀበሮ፣ 100 ግሬን ደግሞ ለአጋዘን መጠቀም ማስቻሉ ነበር። እገዳው ሥራ ላይ ሲውል ሁለቱም የእርሳስ ጥይቶች በአንድነት ይወጣሉ፤ የሚቀረው ለሁለቱም ሥራ አንድ የ80 ግሬን መዳብ ነው። ይህም ቢሆን ሒሳቡ ጠባብ ነው። ኃይልን ለማስላት ፍጥነቱን በራሱ አባዝተው በክብደቱ ያባዙና ለ450,240 ያካፍሉ፤ 80 ግሬን በሰከንድ 3,200 ጫማ ሲወጣ 1,819 ፉት ፓውንድ ይሰጣል፣ አፈሙዙ አጥሮ ፍጥነቱ ወደ 3,100 ከወረደ ግን 1,707 ብቻ ይሆናል። ይህ በእንግሊዝ ለጥቂት ያልፋል፤ በስኮትላንድ ለቀይ አጋዘን ግን ሕገ ወጥ ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት በረጅም አፈሙዝ የተለካ ሊሆን ስለሚችል፣ ድምፅ ማፈኛ ለመግጠም ብሎ አጭር አፈሙዝ የሚገዛ ሰው የራሱን ጠመንጃ በፍጥነት መለኪያ ሳይፈትሽ ወደ ሜዳ መውጣት የለበትም።

ስለዚህ የእኔ ምክር፣ አቅም ካለና ፖሊስ ከፈቀደ፣ ሥራውን ለሁለት ጠመንጃ መክፈል ነው። ለጥንቸል .22 ሪምፋየር ወይም .17 ኤች.ኤም.አር. ከሚባሉት ትናንሽ ካሊበሮች አንዱ ይበቃል። ለቀበሮ .223 ጥሩ ነው፤ ከእገዳው ወሰን በታች ስለሆነ የቀድሞው ጥይት አይከለከልበትም፣ ርግጫው ቀላል ነው፣ በተገቢው ጥይትም ለሙንትጃክ፣ በስኮትላንድ ደግሞ ለሮ ሕጋዊ ነው። .22-250 ከእርሱ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ብዙ ባሩድ ስለሚያነድ አፈሙዙን ቶሎ ይበላዋል። ለአጋዘን .308 ወይም 6.5 ክሪድሞር የሚባለውን የ6.5 ሚሊ ሜትር ካሊበር ይምረጡ። .308 በ150 ግሬን መዳብና በ2,800 ጫማ ፍጥነት 2,600 ፉት ፓውንድ ያህል ስለሚሰጥ ከሕጉ ወሰን ጋር መታገል የለም። 6.5 ክሪድሞር ርግጫው ለስለስ ያለ ሲሆን፣ ቦዩ አብዛኛውን ጊዜ በ8 ኢንች አንድ ዙር ስለሚዞር ረጅም መዳብን ያለ ችግር ይቀበላል። የግድ አንድ ጠመንጃ ብቻ የሚገዛና ከቀበሮ ይልቅ አጋዘን የሚበዛበት ሰው 6.5 ቢይዝ ይሻለዋል፤ ቀበሮ የሚበዛበት ግን በቂ ርዝመት ያለው አፈሙዝ ያለው .243 አሁንም ያገለግለዋል። በፈቃዱ ላይ እያንዳንዱ ካሊበር በቂ ምክንያት ስለሚጠየቅበት፣ የሚያድኑበትን መሬትና የእንስሳውን ዓይነት ከማመልከትዎ በፊት በጽሑፍ ያዘጋጁ።

ጠመንጃው ተገዝቶ ወይም የነበረው ወደ መዳብ ሲዛወር፣ ከቀድሞው የእርሳስ ጥይት ልባስ የቀረውን የመዳብ ቅሪት በተገቢው ማጽጃ እስኪጠራ ድረስ ይጥረጉ፤ ያልጸዳ አፈሙዝ ደኅናውን ጥይት መጥፎ ያስመስላልና። ከዚያ የሁለት ወይም የሦስት አምራቾችን ጥይት ገዝተው በ100 ሜትር ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ ይተኩሱ፣ በጠባብ ቦታ የተሰበሰበውንም ይያዙ። አንዱ ቢበታተን ጠመንጃውን ከመውቀስዎ በፊት ቀለል ያለ ክብደት ይሞክሩ። ጥይቱ በተቀየረ ቁጥር የመነጽሩን ዒላማ እንደገና ያስተካክሉ፣ የእርሳሱና የመዳቡ መምቻ ነጥብ አንድ አይደለምና።

በሜዳም ላይ መዳብ ስለማይሰባበር በእንስሳው ውስጥ አልፎ ብዙ ኃይል ይዞ ይወጣል፤ ድንጋይ ወይም የቀዘቀዘ መሬት ሲመታም ነጥሮ ሊሄድ ይችላል። ከእንስሳው ጀርባ ጥይቱን ውጦ የሚያስቀር ለስላሳ የአፈር ተዳፋት ካልታየ፣ ከእርሳስ ዘመን በበለጠ ጥንቃቄ አሁን ቃታው መሳብ የለበትም። አጋዘኑ ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም ማነጣጠሪያውን ከሳንባው መሐል ትንሽ ወደ ትከሻው ማስጠጋት ይበጃል፤ አጥንት ሲያገኝ መዳቡ ቶሎ ይከፈታል፣ እንስሳውም ሩቅ ሳይሮጥ ይወድቃል።