ከድንጋዩ ጋር የገባውን እንግዳ ማታ ፈልጉት

ኮራል የሚባሉትን የባሕር እንስሳት ለምታሳድጉበት አኳሪየም ላይቭ ሮክ፣ ማለትም ጥቃቅን ፍጥረታት የሚኖሩበት የባሕር ድንጋይ፣ ስትገዙ ያልገዛችሁት ፍጥረትም አብሮ ይገባል። ቀን ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ስለሚውል አታዩትም። መብራቱ ከጠፋ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ የእጅ ባትሪያችሁን በቀይ ፌስታል ሸፍናችሁ ጠጋ በሉ። ብዙዎቹ የባሕር እንስሳት ቀይ ብርሃን እምብዛም ስለማይታያቸው ሳይደነብሩ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ጎንና ጎኑ ነጭ ፀጉር ያለው ሮዝማ ትል ካያችሁ አትደንግጡ። ብሪስል ዎርም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የተረፈ ምግብ እየለቀመ ያጸዳላችኋል። ብቻ በባዶ እጅ አትንኩት፤ ፀጉሩ እንደ በለስ እሾህ ቆዳ ላይ ይሰካል።

ሸርጣን ከሆነ መቆንጠጫውን እዩ። ጫፉ ጥቁር፣ ሰውነቱ ፀጉራም ከሆነ እኔ አላምነውም። አውጥቼ ለብቻው አኖረዋለሁ።

ከሁሉም የምፈራው ግን አይፕቴዥያን ነው። ቡናማ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ትንሽ የዘንባባ ዛፍ የሚመስል አኔሞን፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ለስላሳ የባሕር እንስሳ ነው። ሲነኩት ቀዳዳው ውስጥ እልም ይላል። እባካችሁ በወረንጦ ልንቀለው ብላችሁ እንዳትሞክሩ! ከቀረችው ቁራጭ እንደገና ይበቅላል፤ አንዱን አጠፋሁ ስትሉ ብዙ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ኮራሎቻችሁን እየነደፈ ቦታ ይነጥቃቸዋል። ገና አንድ ሁለት ሳለ ፔፐርሚንት ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ አስገቡ፤ ብዙ ጊዜ ይበላዋል።

ምንነቱን ካልለያችሁት ቶሎ አትግደሉት። በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹና አካሄዱን፣ የእግሮቹን ብዛት፣ የሚበላውን ነገር ደጋግማችሁ እዩ።